ብሬስ ካሰሩ በኋላ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ከዝግጅቱ እስከ ሪቴይነር ደረጃ በደረጃ

ብሬስ ያሰሩ ሰዎችም ሆኑ ልጆቻቸውን ያሳሰሩ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሐኪሙ አስረው ሸኙኝ፤ ከዚህ በኋላ እኔ ምን ላድርግ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ጋ የሚቀመጡት በአንድ ወይም በሁለት ወር አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ጥርሱ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ጥርሱ ቀጥ ብሎ ሳለ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ እንዳይቀር፣ ከተፈታም በኋላ ተመልሶ እንዳይጣመም የሚያደርገው ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በጥርስ ላይ ለሚለጠፈው ቋሚ ብሬስ ነው፤ ይህም በየጥርሱ ላይ የሚጣበቁ ትንንሽ ቁራጮች (ብራኬት ይባላሉ) እና እነሱን የሚያያይዝ ሽቦ ነው። ሐኪምዎ ከዚህ የተለየ ነገር ካዘዙልዎት የእሳቸውን ይከተሉ፤ አፍዎን በራጅም በዓይንም ያዩት እሳቸው ናቸው።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይረዱ፤ የቀረውን ሁሉ ትርጉም የሚሰጠው እሱ ነው። ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በሚያንስ ስስ የጅማት ሽፋን ነው። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው፣ ጥርሱ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቃል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት እየተሠራ ክፍተቱን ይሞላል። ይህ እንዲሆን የሚያስፈልገው ቀላልና የማያቋርጥ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲበዛ ጥርሱ አይፈጥንም፤ የደም ዝውውሩ ይታፈናል፣ ሥሩም ሊጎዳ ይችላል። ግፊቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጥርስ በጥሩ ሁኔታ የሚንቀሳቀሰው በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት ተኩል የሚወስደውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ የጥርስ ብሩሽ። በብራኬት ላይ ሲታሽ ጸጉሩ ቶሎ ስለሚንጨባረር ሦስት ወር ሳይሞላው ይቀይሩት፤ ከተንጨባረረ ደግሞ ቀኑን አይጠብቁ።
• በሽቦው ሥር የሚገባ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ትንሽ ብሩሽ፤ ኢንተርዴንታል ብሩሽ ይባላል። መጠኑ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለእርስዎ ክፍተት የሚሆነውን ሐኪምዎ ያሳዩዎት።
• የጥርስ ክርና ክሩን በሽቦው ሥር የሚያሳልፍ የፕላስቲክ መርፌ። አንዱ ጫፉ ደረቅ ሆኖ የተሠራ ክር ካገኙ መርፌው አያስፈልግዎትም።
• ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። ቁጥሩ ከማሸጊያው ጀርባ ተጽፏል።
• አልኮል የሌለው፣ 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው መጉመጥመጫ። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ይውጠዋልና።
• የብሬስ ሰም።
• ትንሽ መስታወት፣ ወረንጦ፣ ንጹሕ ላጲስ ያለው እርሳስ፣ የጥፍር መቁረጫ።
• ሐኪምዎ ካዘዙ የአፍ ላስቲክ።

በውሃ ግፊት የሚያጸዳው መሣሪያ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ በብራኬት ዙሪያ የተሰገሰገ ምግብ በደንብ ያወጣል። ጥርስ ላይ የተጣበቀውን ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ግን ብሩሽ ካልፈተገው ውሃ ብቻውን አያነሣውም፤ ስለዚህ በብሩሽ ፈንታ አይጠቀሙት።

ደረጃ 1፦ ከመታሰሩ በፊት አፍዎን ያዘጋጁ

የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ይሞላ፣ ድድዎ የሚደማ ከሆነ ይታከም፣ ጥርስዎ በባለሙያ ይታጠብ። ብራኬት ከተለጠፈ በኋላ በሥሩና በዙሪያው ያለውን ቀዳዳ ማየትም ማከምም ይከብዳል። የድድ ሕመም እያለ ጥርስን ማንቀሳቀስ ደግሞ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያሳጣል፤ አዋቂ ሆነው ብሬስ የሚያስሩ ሰዎች ይህን በተለይ ማስመርመር አለባቸው።

ለሐኪምዎ የሚከተሉትን ሳይጠየቁ ይንገሩ፦ የኒኬል ወይም የላቴክስ አለርጂ እንዳለብዎት፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ስኳር ወይም የልብ ቫልቭ ችግር እንዳለብዎት፣ እርጉዝ እንደሆኑ፣ ከዚህ በፊት ተመትቶ የሚያውቅ ጥርስ እንዳለዎት። ኒኬል በሽቦው ውስጥ፣ ላቴክስ በላስቲኩ ውስጥ ይገኛል። የአንዳንዱ የአጥንት መድኃኒት ሥራ ደግሞ አጥንት እንዳይሟሟ መከልከል ነው፤ ጥርስ የሚንቀሳቀሰው ግን አጥንት ሲሟሟ ነው።

ሐኪምዎን ደግሞ እነዚህን ይጠይቁ፦ ጥርስ ይነቀላል ወይ? ከተነቀለ ለምን? ስንት ጊዜ ይወስዳል? ሲፈታ ምን ዓይነት ሪቴይነር (ጥርሱ ተመልሶ እንዳይጣመም የሚይዝ መሣሪያ) አደርጋለሁ? የሆነ ነገር ቢሰበር የምደውለው የት ነው?

ደረጃ 2፦ የሚታሰርበት ቀን

ከመሄድዎ በፊት በደንብ ይብሉ፣ ጥርስዎንም ይቦርሹ። ማታ ላይ ማኘክ ሊያስቸግርዎት ይችላል።

ሥራው ራሱ አያምም፤ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ጥርሱ ይጸዳል፣ ይደርቃል፤ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ጄል ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ይቀባል፣ ይታጠባል። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ በዓይን በማይታይ መጠን ያሻክረዋል፤ ማጣበቂያው የሚነክሰው በዚያ ሸካራ ላይ ነው። ከዚያ ብራኬቱ ከነማጣበቂያው ይቀመጣል፣ በሰማያዊ ብርሃን ይደርቃል። በመጨረሻ ሽቦው በብራኬቶቹ ውስጥ ገብቶ በትንንሽ ጎማዎች ይታሰራል። የመጀመሪያው ሽቦ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው፤ እየታጠፈ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ በሚያደርገው ጥረት ጥርሱን ይስባል። ወፍራሙና ባለ አራት ማዕዘኑ በኋላ ይመጣል።

ማጣበቂያው በምግብ ክብደት እንዲላቀቅ አልተሠራም፤ ነገር ግን ሲያበቃ ኢናሜሉን ሳይጎዳ እንዲላቀቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ ጥንካሬው ልክ አለው። ብራኬት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ይህን ልክ የሚያልፍ ነገር ሲነከስ ነው።

ከወንበሩ ሳይነሱ ምላስዎን በመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ዙሪያ ያዙሩ። የሚወጋ የሽቦ ጫፍ ካለ ያኔውኑ ይቆረጥልዎት። ሰምም ይቀበሉ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሕመሙ የሚጀምረው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው፤ በማግስቱ ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሲነክሱ የሚሰማዎት የመታመቅ ስሜት ከጅማቱ ሽፋን የሚመጣ ነው፤ ሽቦ በተቀየረ ቁጥርም በጥቂቱ ይመለሳል። ጥርሱ በትንሹ ቢነቃነቅ አይደንግጡ፤ ካልላላ አይሄድም።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይውሰዱ። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ ሕመም የሚቀንሱት አጥንቱ እንዲሟሟ የሚያዘውን ኬሚካል በመቀነስ ጭምር ስለሆነ፣ ለብዙ ቀን ከመውሰድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። አስፕሪን ድድ ላይ አያስቀምጡ፤ ሥጋውን ያቃጥላል። ለልጅ ደግሞ አስፕሪን ጭራሽ አይስጡ።

ጉንጭና ከንፈር የሚላጠው ብረቱን እስኪለምድ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ለ30 ሴኮንድ ይጉመጥመጡ። የሚፍቀውን ብራኬት ደግሞ በሰም ይሸፍኑት፦

ሀ. እጅዎን ይታጠቡ፣ ጥርሱን ይቦርሹ።
ለ. የአተር ፍሬ የምታህል ሰም ቆርጠው በጣትዎ እስክትለሰልስ ያድቦልቡሉ።
ሐ. ብራኬቱን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ያድርቁ። ይህችን አይዝለሉ፤ ሰም እርጥብ ብረት ላይ አይዝም። «ሰሙ ይወድቅብኛል» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህን ነው።
መ. ሰሙን ጫን አድርገው ብራኬቱን እንዲያቅፍ ያድርጉት።

ከመብላትዎና ከመቦረሽዎ በፊት ያውጡት፤ ያወጡትንም መልሰው አይጠቀሙበት። በስህተት ቢዋጥ አይጎዳም።

በዚህ ሳምንት ሾርባ፣ ገንፎ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለ ሩዝና አትክልት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ በየቀኑ ማጽዳት

ከመመሪያው ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ብራኬት ለምግብ ፍርፋሪና ለባክቴሪያ መደበቂያ ይፈጥራል። ባክቴሪያው ስኳር ሲያገኝ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም ኢናሜሉን ያሟሟል። በመጀመሪያ የሚታየው በብራኬቱ ዙሪያ የኖራ ቀለም ያለው ነጭ ምልክት ነው፤ ጽዳቱ ከተጓደለ አራት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ብራኬቱ ሲነሣ በመሐል ጤነኛ አራት ማዕዘን፣ በዙሪያው ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። አንዴ ከወጣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ዋናው መፍትሔ መከላከል ነው።

ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ከምሳ በኋላም እንዲህ ያድርጉ፦

1. በውሃ አጥብቀው ይጉመጥመጡ። ትልልቁ ፍርፋሪ ይወጣል፣ ብሩሹም ምግብ ከመግፋት ይድናል።

2. የላይኛውን ረድፍ ይጀምሩ። ብሩሹን በድዱና በብራኬቱ መካከል፣ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አጋድለው ያስቀምጡ። በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ሁለት ሁለት ጥርስ እየያዙ ወደ አሥር እስኪቆጥሩ ይቦርሹ። በጣም የሚረሳው ቦታ ይህ ነው፤ ነጩ ምልክት የሚበዛውም እዚሁ ነው።

3. አሁን ብሩሹን ገልብጠው ከብራኬቱ በታች፣ በጥርሱ ጫፍ በኩል ያስገቡት። ከዚያ ብራኬቱን ራሱን ፊት ለፊት ይቦርሹት።

4. የውስጠኛውን ጎንና የሚያኝኩበትን ገጽ ይቦርሹ። ታችኛውን ረድፍ በተመሳሳይ መንገድ ይድገሙ፤ ታች ላይ ድዱ ከብራኬቱ በታች መሆኑን ልብ ይበሉ።

5. ትንሹን ብሩሽ በሁለት ብራኬት መካከል፣ ከሽቦው ሥር ከላይ ወደ ታች ያስገቡ፤ ጥቂት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያመላልሱ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይድገሙ። ከአንድ በኩል ብቻ ከተገባ የአንደኛው ብራኬት ጎን ሳይነካ ይቀራል። እንቢ ካለዎት አይግፉ፤ ያነሰ ቁጥር ይግዙ።

6. ማታ ማታ ክር ይጠቀሙ። ክሩን በመርፌው አድርገው ከሽቦው በታች ያሳልፉ፣ ሁለቱን ጫፎች ይያዙ፣ በጥርሶቹ መካከል በዝግታ እያወዛወዙ ያውርዱት። ወደ አንዱ ጥርስ ጎን አስጠግተው አቅፎት ወደ ድዱ ሥር እስኪገባ ድረስ ላይና ታች ያድርጉት፤ ከዚያ የጎረቤቱን ጥርስ። ሲጨርሱ አንዱን ጫፍ ለቀው ወደ ጎን ይሳቡት። ወደ ላይ አይመንጭቁት፤ ሽቦው ይጣመማል። መጀመሪያ ላይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እጅዎ ሲለምድ ያጥራል።

7. አረፋውን ይትፉ፤ አፍዎን ግን በውሃ አይታጠቡ። ጥርሱ ላይ የቀረው ፍሎራይድ ሌሊቱን ኢናሜሉን የሚያጠነክረው ያኔ ነው፤ ወዲያው በውሃ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል።

8. የፍሎራይድ መጉመጥመጫውን ከቡረሻው በተለየ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ መልስ ይጠቀሙ። አንድ ደቂቃ አፍዎ ውስጥ ያቆዩት፣ ይትፉ፣ ለ30 ደቂቃ አይብሉ አይጠጡ።

9. መስታወት ፊት ቆመው ከንፈርዎን ገልጠው ይዩ። የብራኬቱ ጠርዝ በሙሉ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ደብዛዛ ነጭ ነገር ከጠርዙ ጋር ከተያያዘ ገና አልጸዳም። ለልጆች የባክቴሪያውን ሽፋን በቀለም የሚያሳየው እንክብል በሳምንት አንዴ ቢሰጣቸው የሳቱትን ቦታ ራሳቸው ያዩታል፤ ከወላጅ ቁጣ የበለጠ ያስተምራል።

ጠቅላላው ሥራ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መውሰድ አለበት። በአንድ ደቂቃ ጨረስኩ ካሉ አልጨረሱም።

ድድዎ ቢደማ ቡረሻውን አይተዉ። የሚደማው ቆሻሻ ስላቆረ ነው፤ በትክክል ካጸዱት በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። ካልቆመ ወይም ድዱ አብጦ ብራኬቱን መሸፈን ከጀመረ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ኮምጣጣ ነገር ከበሉ ወይም ለስላሳ ከጠጡ ለመቦረሽ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በአሲድ የለሰለሰ ኢናሜል ወዲያው ሲፈተግ ይበላል። ጥርስ የሚያነጣ ሳሙና ደግሞ እስኪፈታ ድረስ ይተዉት፤ የሚነካው በብራኬት ያልተሸፈነውን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ምግብ

ጠንካራውንና ተለጣፊውን ይተዉ፦ በረዶ፣ አጥንት፣ ለውዝ፣ ደረቅ ከረሜላ፣ ፈንዲሻ፣ ካራሜል፣ ማስቲካ። ጠንካራው ብራኬቱን ይነቅላል፤ ተለጣፊው ሽቦውን ይስባል። የፈንዲሻ ቅርፊት ደግሞ በድዱና በብራኬቱ መካከል ገብቶ ድዱን ያሳብጣል።

ፖም፣ ጥሬ ካሮትና የመሳሰሉትን መተው የለብዎትም፤ በፊት ጥርስ መንከስ ነው የተከለከለው። ቀጭን ቀጭን አድርገው ከትፈው በመንጋጋ ያኝኩ። ሥጋም ከአጥንቱ ተለይቶ ይበላ። እስክሪብቶ ማኘክና ጥፍር መንከስ እንደ ለውዝ ይቆጠሩ።

ስኳርን በተመለከተ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከምግብ ጋር ጠጥቶ መጨረስና ያንኑ ጠርሙስ ከሰዓቱን ሙሉ እየተጎነጩ መዋል ለጥርሱ እኩል አይደለም። እያንዳንዱ ጉንጭ አሲዱን እንደገና ያስነሣዋል፤ ምራቅ ለማስተካከል ጊዜ አያገኝም።

ደረጃ 6፦ ላስቲክ ከታዘዘልዎት

ሽቦው ጥርሶቹን በረድፋቸው ውስጥ ያስተካክላል። የላይኛው ረድፍ ከታችኛው ጋር በትክክል እንዲገጥም የሚያደርገው ግን ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ነው፤ ላስቲኩን ደግሞ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት። የብዙ ሰው ሕክምና የሚጓተተው እዚህ ላይ ነው።

1. የትኛው መንጠቆ ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ ሐኪምዎ በሥዕል እንዲያሳዩዎት ያድርጉ፤ ሥዕሉን በስልክዎ ያንሡት።
2. መስታወት ፊት ቆመው ላስቲኩን በመጀመሪያ በፊተኛው መንጠቆ ላይ ያኑሩ፤ በጣትዎ ወይም በላስቲክ ማስገቢያው ስበው በኋለኛው ላይ ያሳርፉት።
3. የታዘዘው ቀኑን ሙሉ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ20 እስከ 22 ሰዓት ይደረጋል። የሚወጣው ለመብላትና ለመቦረሽ ነው፤ ወዲያው ይመለሳል።
4. ቢያንስ በየቀኑ በአዲስ ይቀይሩት። ባይበጠስም በምራቅና በመወጠር ብዛት ጉልበቱን ያጣል።
5. በአንድ በኩል ያለው ከተበጠሰ ሁለቱንም ይቀይሩ፤ የግራና የቀኙ ግፊት እኩል እንዲሆን።
6. አንድ እሽግ በቦርሳዎ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር።

አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ እንደ ወትሮው ይቀጥሉ። «ልካካስ» ብሎ ሁለት ላስቲክ መደረብ የጥርሱን ሥር ይጎዳል። ማታ ብቻ አድርጎ ቀን መተውም አይሠራም፤ ሌሊት የሄደው ቀን ይመለሳል፣ ጥርሱም ወዲያና ወዲህ ሲል ሕመሙ አያቆምም።

ደረጃ 7፦ ቀጠሮ

ብዙውን ጊዜ በየ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ቢዘገይ ሽቦው ሥራውን ጨርሶ ዝም ይላል፣ ወይም የሚስበው ጎማ ተቆጣጣሪ በሌለበት ጥርሱን ወዳልታሰበ ቦታ ይወስደዋል። ስለዚህ ባይመችዎት ደውለው ያዛውሩ እንጂ አይቅሩ። ጥርስ የማሳጠብና የመመርመር ቀጠሮው ከዚህ የተለየ ነው፤ በየ6 ወሩ፣ ድዱ ለሚያስቸግረው ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይደረጋል።

ደረጃ 8፦ የሆነ ነገር ሲላቀቅ

የተላቀቀ ብራኬት። ከሽቦው ጋር ተንጠልጥሎ ከቆየ አያውጡት፤ ሰም አድርገውበት ይደውሉ። ከወጣ በንጹሕ ዕቃ ይዘውት ይሂዱ። ራስዎ በሙጫ አይለጥፉት፤ የቤት ሙጫ መርዛማ ነው፣ ብራኬቱም ከትክክለኛ ቦታው በትንሹ ከተዛባ ጥርሱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይስባል። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ሳምንታት ቢቀሩ «እስከዚያ ልታገሥ» አይበሉ፤ ብራኬቱ የወደቀበት ጥርስ ይመለሳል፣ የሕክምናው ጊዜም ይረዝማል።

የሚወጋ ሽቦ። ቀጭን ከሆነ በእርሳሱ ላጲስ ቀስ ብለው ወደ ጥርሱ ያጥፉት። ካልታጠፈ በሰም ይሸፍኑት። ሐኪም ዘንድ መድረስ ካልቻሉና ጉንጭዎን እየቀደደ ከሆነ ብቻ፣ በአልኮል በተጠረገ የጥፍር መቁረጫ ጫፉን ይቁረጡት። ከመቁረጥዎ በፊት በአካባቢው ንጹሕ ጎዝ ይጠቅጥቁ፤ የተቆረጠው ቁራጭ ወደ ጉሮሮ እንዳይገባ የሚይዘው እሱ ነው።

ከኋላ የወጣ ሽቦ። በወረንጦ ይዘው በመጨረሻው መንጋጋ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ለመመለስ ይሞክሩ፤ ካልገባ ይተዉትና ይደውሉ።

የወደቀ ማሰሪያ ጎማ። አንድ ከሆነ አጣዳፊ አይደለም፤ ግን ያሳውቁ።

ብራኬት ቢዋጥ ብዙውን ጊዜ በሰገራ ይወጣል። ከዋጡ በኋላ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፊት ሲያብጥና ሲያተኩስ፣ ጥርስ በምት ሲፈናቀል፣ የማይቆም ደም ሲኖርም እንዲሁ።

ደረጃ 9፦ ሲፈታና ከዚያ በኋላ

ብራኬቱ በጉጠት ተጨምቆ ይላቀቃል፣ የቀረው ማጣበቂያ ተልጎ ይጠረጋል። ጥርሱ በዚያን ቀን ቀጥ ብሏል፤ ግን ገና አልጸናም። በድድ ውስጥ ያሉት ክሮች ከአዲሱ ቦታ ጋር ለመላመድ እስከ አንድ ዓመት ሊወስዱ ይችላሉ፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ድሮው ይጎትቱታል። ከዚያም በኋላ ጥርስ ከዕድሜ ጋር ይንቀሳቀሳል። ሪቴይነር ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲኖር እስከፈለጉ ድረስም ይደረጋል።

ሁለት ዓይነት አለ። ከፊት ጥርሶች ጀርባ የሚለጠፈው ቀጭን ሽቦ አይወጣም፤ ክርና መርፌውን ለእሱም ይጠቀሙ፣ ታርታር (የደነደነ የጥርስ ቆሻሻ) በላዩ ቶሎ ይጋገራልና። የሚወልቀው ደግሞ ሐኪምዎ ለወሰኑት ወራት ከምግብና ከቡረሻ በስተቀር ሙሉ ቀን ይደረጋል፣ ቀጥሎ ማታ ማታ።

የሚወልቀውን በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። ሙቅ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል፤ የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል፣ በጭረቱም ውስጥ ባክቴሪያ ይኖርበታል። ሲያወልቁ ወደ ሳጥኑ እንጂ በሶፍት ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፤ አብዛኛው ሪቴይነር ከቆሻሻ ጋር የሚጣለው እንዲያ ነው። ውሻ ካለዎትም ይጠንቀቁ፤ የምራቅ ሽታው ይስበዋል።

ጥቂት ቀን ትተው ሲመልሱት ቢጠብቅዎት ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ለተወሰኑ ቀናት ሙሉ ቀን ያድርጉት። ጨርሶ ካልገባ በኃይል አይጫኑት፤ ቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ ጥርሱም ይታመማል። በዚያው ሳምንት ለሐኪምዎ ያሳዩት።

ማስጠንቀቂያ

የፊት ጥርሶችን ክፍተት ለመዝጋት ተራ ላስቲክ በጥርስ ላይ በፍጹም አያስሩ። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ድዱ ውስጥ ይገባል፣ ከዓይን ይሰወራል፣ አጥንቱንም ይበላል። ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች በዚህ ምክንያት ሊወልቁ ይችላሉ።

ለጌጥ ተብሎ የሚሸጥ ሐሰተኛ ብሬስም እንዲሁ። ከምን እንደተሠራ አይታወቅም፣ በምን እንደተለጠፈም አይታወቅም።

ብሬስዎን በራስዎ አይፍቱ፤ ኢናሜሉ ከብራኬቱ ጋር ሊላጥ ይችላል።

ኳስ፣ ቦክስ፣ ማርሻል አርት የሚሠሩ ከሆነ ለብሬስ ተብሎ የተሠራ የጥርስ መከላከያ ያድርጉ። በሙቅ ውሃ ተነክሮ የሚነከሰው ተራው ዓይነት በብራኬቱ ላይ ተቀርጾ ይደርቃል፤ ጥርሱ ሲንቀሳቀስ አይገጥምም፣ ሲወልቅም ብራኬቱን ይዞ ይወጣል።

ኤምአርአይ ከታዘዘልዎት ብሬስ እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩ። ብረቱ በጭንቅላትና በመንጋጋ ምስል ላይ ጥላ ይጥላል፤ ሽቦው ለጊዜው መውጣት ካለበት ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስናሉ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

• ብራኬቱን ብቻ ፊት ለፊት መቦረሽ። ብረቱ ያበራል፤ ከድዱ ጋር ያለው ጠርዝ ግን ቆሻሻ ይዞ ይቀራል።
• ስላመመ መቦረሽ መተው። ሕመሙ በሳምንት ያልፋል፤ በዚያ ሳምንት የተጠራቀመው ድዱን አሳብጦ ሌላ ሕመም ያመጣል።
• ክሎርሄክሲዲን ያለበትን መጉመጥመጫ ሳይታዘዝ ለወራት መጠቀም። ባክቴሪያን ይቀንሳል፤ ጥርስንና ብራኬትን ግን ቡናማ ያደርጋል።
• የፊት ጥርሶች ቀጥ ሲሉ «በቃኝ፣ ይፈታልኝ» ማለት። ፊቱ የሚስተካከለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የመንጋጋው አገጣጠምና የሥሮቹ አቅጣጫ የሚስተካከለው በኋለኞቹ ነው። በመሐል የተፈታ ጥርስ ቶሎ ይመለሳል።
• ልጁ ላስቲኩን ስለማድረጉ በቃሉ ብቻ ማመን። የእሽጎቹን ቁጥር ይዩ፤ በየቀኑ እየተቀየረ ከሆነ እሽጉ በጊዜው ማለቅ አለበት።